ጠረጴዛው ላይ የቀረው ነጭ ክብ

እህቶቼ፣ ስለ እንጨት ተናገሪ ስትሉኝ ሳቅኩ፤ እኔ አናጢ አይደለሁማ። ግን ባለፈው ወር አንዲት ታናሽ እህታችን በአንድ የጠረጴዛ እድፍ ከደመወዟ እንደተቆረጠባት ስትነግረን የራሴ የመጀመሪያ ዓመት ትዝ አለኝ።

ጅዳ በገባሁ በአራተኛው ወር የጋለ ደላ ከነቡናው የመጅሊሱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ሳነሣው ነጭ ክብ ቀርቷል። ደንግጬ ክሎሮክስ አፈሰስኩበት፣ በሽቦም ፈተግኩት። ክቡ እዚያው ቀርቶ ቀለሙ ተላጠ። የሁለት ወር ደመወዜ በዚያው ቀረ። እናቴ ብር ስትጠብቅ እኔ ኩሽና ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር። በትዕግሥት ብይዘው ኖሮ ያ ክብ ሊጠፋ ይችል እንደነበር ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨቱ ላይ ቨርኒሽ ተቀብቷል። ሙቀትና እርጥበት ቨርኒሹ ውስጥ ሲገባ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ እንጨቱ ግን ገና አልተነካም። እድፉ ጥቁር ከሆነ ውሃው አልፎ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ እሱን እናንተ አትንኩት፣ ለአናጢ ይተው። ነጩን ግን መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ጠርጉትና አንድ ቀን ተዉት፤ አንዳንዱ በራሱ ይጠፋል። ካልጠፋ የፀጉር ማድረቂያ በትንሹ ሙቀት፣ ከራቅ አድርጋችሁ፣ እያንቀሳቀሳችሁ አሙቁት። ካውያም ይሆናል፦ ውሃው ተደፍቶ፣ ሙቀቱ በጣም ዝቅ ብሎ፣ ከሥሩ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ ተነጥፎ፣ ጥቂት ሰከንድ አሳርፎ ማንሣትና ማየት፣ እንደገናም ማሳረፍ። ሁሉንም አስቀድማችሁ ከማይታይ ጥግ ሞክሩ፤ ሙቀት ሲነካው የሚቀልጥ ቨርኒሽ አለና። ማዳም ቤት ካለች ደግሞ ነግራችኋት ጀምሩ። ደብቀን ስንሠራ ነው ጥፋቱ የሚበዛው።

የመብኸራ ፍም ያቃጠለው ግን በዚህ አይወጣም። መብኸራ ሁልጊዜ ሳሕን ላይ ይቀመጥ።

መካ የምትሠራ አንዲት የወሎ እህታችን አለች፤ በስልክ እንጨዋወታለን። አሠሪዎቿ ጅዳ ከነበረው ቤታቸው ቁምሣጥን አስመጡ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ በሩ ተሰነጠቀ። «ምን አድርገሽው ነው?» አሏት። ምንም አላደረገችም። ጅዳ ባሕር ዳር ናት፣ አየሩ እርጥብ ነው፤ መካ ግን በተራሮች መካከል ያለች፣ ደረቅ ናት። መንገዱ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ እንጨት ግን ለውጡን ያውቀዋል። እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ በብሎን ተወጥሮ ከተያዘ ደግሞ ይሰነጠቃል። የኤሲው ንፋስ ፊት ለፊት ከመታው ይብስበታል። እሷም ይህን በትሕትና አስረዳቻቸው፤ ቁምሣጥኑም ከኤሲው ፊት ተነሣ። በተቃራኒው ጅዳ ውስጥ በክረምቱ ሙቀት መሳቢያ አልወጣ ካላችሁ በኃይል አትጎትቱ፤ የሚንሸራተትበትን ጠርዝ በሻማ እሹት።

አሁን ያለሁበት ቤት ኦብሁር ባሕር ዳር የሚቆም አሮጌ ካራቫን አላቸው። የውስጡ ግድግዳ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው። ከመስኮቱ ሥር ያብጣል፣ ፊቱም እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ተነሥቷል። ማዳም «ቀለም ቀቢበት» አለችኝ። እኔ ደግሞ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ቀለም መቀባት ቁስል ላይ ነጠላ መልበስ ነው አልኳት። ሾፌሩ ከውጭ በጎማ ቱቦ ውሃ እያፈሰሰ፣ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ፣ እኔ ከውስጥ ባትሪ ይዤ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ጠብ አለ፤ ጎማውን ፀሐይ ሰነጣጥቆታል። እሱ በሲሊኮን ዘጋው።

ከዚያ ማድረቅ ነው፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። መስኮት ከፍተን ማራገቢያ ተክለን ከሳምንት በላይ ቆየን። የተነሣውን ፊት ቀስ ብዬ በቢላዋ ጀርባ ከፍቼ ነጭ የእንጨት ኮላ በመርፌ የሌለው ሲሪንጅ አስገባሁ፤ የተረፈውን በእርጥብ ጨርቅ ወዲያው ጠረግኩ፤ የቅቤ ወረቀት፣ ከላዩ ጠፍጣፋ እንጨት፣ ከዚያ በድጋፍ ጠበቅ አድርገን አሳደርነው። በማግሥቱ ተጣብቋል። አንድ ቦታ ግን ጣቴ ገባበት፤ የበሰበሰ ነው። እሱን አናጢ ቆርጦ ለወጠው። ብርጭቆ ወረቀት ግን ተጠንቀቁ፤ የላዩ ስስ እንጨት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳን የማይሞላ ነው፣ ሁለት ጊዜ ብትፈትጉት የውስጡ ይወጣል። ለትንሽ ጭረት የዋልነት ፍሬ ሰብራችሁ እሹበት፤ ዘይቱ ጭረቱን ያደበዝዘዋል። ከችፑድ የተሠራ ዕቃ ውሃ ጠጥቶ ካበጠ ግን ወደ ቦታው አይመለስም፤ ሰው ቢያስጨንቃችሁም እንዳትደክሙበት።

ዓርብ ዕረፍት ያላችሁ በለድን ሂዱና እዩ። በ2014 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገበው የጅዳ አሮጌ ከተማ ነው። መስኮቶቹን የሚሸፍኑት የእንጨት ሥራዎች ሮሻን ይባላሉ፤ ከሕንድና ከጃቫ በመርከብ የመጣ ቲክ አለባቸው። ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ በ1925 ያረፉበት የነሲፍ ቤትም እዚያው ነው። ቲክ የራሱ ዘይት ስላለው ያን ሁሉ የባሕር አየር ችሏል፤ የእኛ ማዳሞች ጠረጴዛ ግን ቲክ አይምሰላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ የሚያስፈራ ነው። ሰው ለእንጨት የተልባ ዘይት የቀባበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቆሻሻ ቅርጫት አትጣሉት። ሲደርቅ በራሱ ይሞቃል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ተዉት። ክሎሮክስም ከሌላ ማጽጃ ጋር አይደባለቅ።

አዲስ ቤት የምትገቡት ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ያለውን ጭረትና እድፍ ሁሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፣ ፊት ለፊትም ለማዳም አሳዩ። ታናሽ እህታችን አሁን እንዲህ አድርጋለች፤ አሥራ አራት ፎቶ አላት።