የግእዝን ግስ ለሚጀምሩ



ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ጋይንት የደረሰ ሰው በድጓ የታወቀችውን ቤተ ልሔምን፥ በዝማሬ መዋሥዕት የታወቀችውንም ዙር አምባን ያገኛል። በዚያ የሚዜመው ቃል ግእዝ ነው፤ ዜማውን የሚሰማው ብዙ ሲሆን ምሥጢሩን የሚያስተውለው ግን ጥቂት ነው። የማስተዋሉም በር የግስ እርባታ ነው።

የቅኔ መምህራን ግስን በ4 አንቀጽ ያረባሉ። «ነገረ» ቀዳማይ ነው፤ ያለፈውን ያመለክታል። «ይነግር» ካልዓይ ነው፤ አሁንም ሆነ ወደ ፊት ይነግራል ማለት ነው። «ይንግር» በዘንድ አንቀጽ ይነግር ዘንድ፥ በትእዛዝ አንቀጽ ይንገር ማለት ነው።

አማርኛ ተናጋሪ የሚሰናከለው በዚህ ላይ ነው። በአማርኛ «ይነግር» ብቻውን ዐረፍተ ነገር አይዘጋም፤ በግእዝ ግን ይዘጋል። «ነ»ን ወደ «ን» ብንለውጠው ዜናው ትእዛዝ ይሆናል። በደብዳቤ ላይ «ይከፈላል» እና «ይከፈል» የሚሉትን ለይቶ የሚያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የዚህ ልዩነት ክብደት አይሰወረውም።

ስለዚህ ጀማሪው ትርጕም ከማጥናቱ አስቀድሞ በየማለዳው አንድ ግስ በአራቱም አንቀጽ ድምፁን አሰምቶ ይድገም። ከ«ነገረ» ቀጥሎ «ቀተለ»ን ቢያነሣ፥ «ይቀትል»፥ «ይቅትል» እያለ በዚያው መንገድ ይሄዳል።