«ወጥ»፣ «እኩል»፣ «አንድ ዓይነት»፤ አንድ ቅጽል በኮንጋ ቡና ማጠቢያ

(በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



«ሆሞጂኒየስ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል የምህንድስና ተማሪን የሚያገኘው ገና በመጀመሪያው ዓመት ነው። ተማሪው ቃሉን ከነፍቺው ይሸመድደዋል፤ በአማርኛ ምን ይባላል ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም። ጥያቄው የሚነሣው መሐንዲስ ሆኖ ወደ ሥራ ቦታ ሲወጣና መመሪያውን ለሠራተኛ ማስረዳት ሲኖርበት ነው። ያን ጊዜ «አንድ ዓይነት»፣ «እኩል»፣ «ተመሳሳይ»፣ «ወጥ» የሚሉት ቃላት አንዱ በሌላው ቦታ እየገቡ ሥራ ያበላሻሉ። የዚህ ንግግር ዓላማ ቃላቱን በአንድ ሥራ ላይ፣ ይኸውም በጌዴኦ ዞን፣ በይርጋ ጨፌ ወረዳ፣ በኮንጋ በሚካሄደው የቡና አጠባ ላይ መመዘን ነው።

በዕለት ተዕለት አነጋገር ቃላቱ ድንበር አላቸው። ሁለት ወንድማማቾች መሬት «እኩል» ተካፈሉ ሲባል ስፋቱ አንድ ሆነ ማለት እንጂ አፈሩ አንድ ነው ማለት አይደለም። ወታደርና ተማሪ የሚለብሱት «የደንብ ልብስ» ነው፤ እንግሊዝኛው «ዩኒፎርም» የሚለው መልኩን አይቶ ሲሆን፣ አማርኛው ግን ደንቡን አይቶ ሰየመው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከ«ወጥ» ድንጋይ ተፈለፈሉ ሲባል ደግሞ ዐለቱ ያልተቀጠለና ያልተገጣጠመ መሆኑ ይነገራል። ይህ «ወጥ» ከሚበላው ወጥ ጋር አጻጻፉ አንድ ነው። የሚበላው ከሽንኩርት፣ ከበርበሬና ከቅቤ የተሰናዳ ድብልቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ቁሌቱ በሚገባ ከበሰለ ከየትኛውም የድስቱ ክፍል ቢጨለፍ ጣዕሙ ያው ነው። ይህ ምሳሌ ኋላ ያገለግላል።

«ሆሞጂኒየስ» ሥሩ ግሪክ ሲሆን፣ «ሆሞስ» አንድ፣ «ጌኖስ» ዘር ወይም ዓይነት ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ብዙዎች «አንድ ዓይነት» ብለው ይተረጕሙታል። በኮንጋ ግን ትርጕሙ ወዲያው ይሰናከላል። ወደ ማጠቢያው የሚመጣው እሸት ቡና ከብዙ ገበሬዎች አነስተኛ ማሳ የተለቀመ ነው፤ የማሳዎቹ ከፍታ ይለያያል፤ ዝርያውም ኩርሜ፣ ደጋ፣ ወሊሾ እየተባለ ይለያያል። የኩርሜ ፍሬ ደቃቅ፣ የወሊሾ ተለቅ ያለ ነው። እንግዲህ የኮንጋ ቡና «አንድ ዓይነት» ሆኖ አያውቅም፤ ማጠቢያውም አንድ ዓይነት ሊያደርገው አይችልም።

በመፈልፈያው ዘንድ የሚያስፈልገው ቃል «ተመሳሳይ» ነው። በመኪናው ክፍተት ከተለካው መጠን በጣም ያነሰ ፍሬ ሳይፈለፈል ያልፋል፤ የበለጠው ይቆሰላል። ጥሬውም ከበሰለው እኩል አይላጥም። ስለዚህ ቀዩን ከጥሬው መልቀም የፍሬውን ልዩነት መኪናው ሊሸከመው ወደሚችለው ወሰን ማጥበብ ነው።

በማድረቂያው አልጋ ላይ ደግሞ ተራው የ«እኩል» ነው፤ አደጋውም እዚህ ላይ ይከፋል። «ቡናው እኩል ይሰጣ» የሚል መመሪያ የደረሰው ሠራተኛ በየአልጋው እኩል ኩንታል አፍስሶ፣ መኻሉን ቁልል፣ ዳርና ዳሩን ስስ አድርጎ ቢተወው ቃሉን ፈጽሟል። ጥፋቱ የሠራተኛው ሳይሆን የመመሪያው ጸሐፊ ነው። «ውፍረቱ በአልጋው ሁሉ እኩል ሆኖ ይሰጣ፤ ቶሎ ቶሎም ይገላበጥ» ቢባል ኖሮ ስሕተት አይፈጠርም ነበር። «እኩል» ምኑ እኩል እንደሆነ ካልተነገረ ጎዶሎ ቃል ነው።

ከዚህ የሚከተለው የቁጥር ወጥመድ ነው። እርጥበቱ 9 በመቶ የሆነ አንድ ኩንታል፣ እርጥበቱ 14 በመቶ ከሆነ ሌላ ኩንታል ጋር ቢደባለቅ አማካዩ 11.5 በመቶ ይሆናል። ይህ ቁጥር ለክምችት ከሚፈለገው ከ10 እስከ 12 በመቶ ውስጥ ስለሚገባ መዝገቡ ያማረ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከመጠን በላይ የደረቀው ሲቀሸር ይሰባበራል፤ እርጥቡ ለሻጋታ ይጋለጣል፤ ሲቆላም አንዱ አሮ አንዱ ጥሬ ይቀራል። አማካዩ ደኅና ነው፤ ቡናው ግን «ወጥ» አይደለም። ስለዚህ ናሙና ከአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከአልጋው ዳር፣ ከመኻሉ፣ ከላዩና ከታቹ ሊወሰድ፣ በመዝገቡም ከአማካዩ ጎን በናሙናዎቹ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ሊሰፍር ይገባል። «ሆሞጂኒየስ» የሚለው ቃል እውነተኛ ትርጕምም እዚህ ይገኛል፤ ይኸውም ከየትም ቢጨለፍ ያው የሆነ፣ እንደ ድስቱ ወጥ ማለት ነው። ብዙ ዓይነት ያለበት ነገር ወጥ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ዓይነት የሆነውም ወጥ ላይሆን ይችላል።

የሁለቱ ቃላት መምታታት ከማጠቢያው አጥርም ያልፋል። በ2001 ዓ.ም. ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መሸጥ ሲጀምር በአካባቢና በደረጃ ይመደብ ስለነበር፣ በዚያ መንገድ የተሸጠው ቡና የታጠበበት ጣቢያ ስም ለገዢው አይደርስም ነበር። አንድ ደረጃ ያገኘ ሁሉ አንድ ዓይነት ተደርጎ ተቈጠረ። ደረጃ የሚመሰክረው ግን ተመሳሳይነትን እንጂ አንድነትን አይደለም። አሠራሩ ከጊዜ በኋላ ተሻሽሎ ቡናው ከምንጩ ጋር የሚታወቅበት መንገድ ተከፈተ።

በመጨረሻም፣ ወጥነት ለሁሉም ነገር የሚመኙት ጠባይ እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን ከእንሰቱ ጋር፣ ከብርብራውና ከዋንዛው ጥላ ሥር ያበቅላል። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር የተከበረው እንዲህ ተደባልቆ በመኖሩ ነው። መሐንዲሱ በአልጋው ላይ የሚፈልገውን ወጥነት ወደ ማሳው ቢያሻግረው፣ ጥላውንም ምግቡንም ያጠፋል። ስለዚህ መመሪያ የሚጽፍ ባልደረባ ሁሉ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ራሱን ይጠይቅ፤ የሚፈለገው እኩል ነው፣ ተመሳሳይ ነው፣ ወይስ ወጥ? እኩል ከሆነስ ምኑ? ለዚህ ጥያቄ የሚጠፋው ጊዜ አንድ አልጋ ቡና ከሚበላሽበት ጊዜ ያጠረ ነው።