ሕግ ስናነብ የየት አገር ሕግ እንደሆነ እንጠይቅ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ፣ ሲሪንቃ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ቁጠባና ብድር አይደለም፤ በስልክ ሕግ ስለ መፈለግ ነው። የምንጀምረውም ከራሳችን ጥፋት ነው።

አንዲት አባላችን ልጇ ኳታር፣ ዶሃ ውስጥ በሰው ቤት አራት ዓመት ሠርታ ልትመለስ መሆኑን ነገረችን። «ስትወጣ የሚገባት ገንዘብ ካለ እስቲ እዩልኝ» አለችን። ከመካከላችን ስልክ የምትችለው ስትፈልግ በአማርኛ የተጻፈ ነገር አገኘች። «በዓረብ አገር የቤት ሠራተኛ ስትሰናበት ለሠራችበት ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይከፈላታል» ይላል። ደስ ብሎን ለልጅቱ ላክንላት። እሷም የአራት ወር ደመወዝ ጠየቀች። አሠሪዋ «እንዲህ የሚል ሕግ እዚህ የለም» አሏት። ልጅቱ አፈረች፤ ዳግመኛ ሳትጠይቅ ባዶ እጇን አገሯ ገባች።

በኋላ ስናጣራ ያነበብነው የኩዌትን ሕግ ሆኖ ተገኘ። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ ለዓመቱ የአንድ ወር ደመወዝ ይላል። የኳታሩ ደግሞ ቁጥር 15 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ፤ ለዓመቱ ቢያንስ የሦስት ሳምንት ደመወዝ ይላል። ስለዚህ ልጅቱ ቢያንስ የ12 ሳምንት ደመወዝ ይገባት ነበር። አሠሪዋ የተናገሩት እውነት ነው፤ ልጅቱም መብት ነበራት። መሀል ገብተን ያበላሸነው እኛ ነን።

እህቶቻችን፣ ልጆቻችን «ዓረብ አገር» ሲሄዱ አንድ አገር የሚሄዱ ይመስለናል። ሕጉ ግን በየአገሩ ሌላ ነው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ የቤት ሠራተኞችን ጭራሽ ከሕጉ ውጭ አድርጓል። የሳዑዲ ዓረቢያም የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አይጨምርም፤ ለእነሱ የተለየ ደንብ አላት።

እኛ የሲሪንቃ ሰዎች የግብርና ምርምር ማዕከል ጎረቤቶች ነን። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ የማሽላ ዘር ማሳችን ላይ አንዘራም፤ ከዘሩ ጋር የአቀንጭራ ፍሬ ተቀላቅሎ ቢመጣ ማሳው ለዓመታት እንደሚበላሽ እናውቃለንና። ሕግንም እንደ ዘር ልንመረምረው ይገባል። ከዚያ ጥፋት በኋላ ሦስት ጥያቄ በማኅበሩ ደብተር ሽፋን ላይ ጽፈናል።

አንደኛ፣ የየት ሕግ ነው? ይህ ለውጭ አገር ብቻ አይደለም። ስለ ትዳርና ስለ ንብረት ክፍፍል ስንፈልግ ቶሎ የሚመጣልን የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። እሱ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። መርሳም ሆነ ወልድያ ፍርድ ቤት የምትቆም የሀብሩ ሴት የሚመለከታት የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው።

ሁለተኛ፣ የት ታተመ? የፌዴራል ሕግ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል፤ አማርኛውና እንግሊዝኛው ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። የክልላችን ሕግ የሚወጣው በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ነው። እንደ አቢሲኒያ ሎው ያሉ የግል ድረ ገጾች ለመፈለግ ይጠቅማሉ፤ ሆኖም ማጠቃለያውን ትተን የጋዜጣውን ቅጂ ከፍተን አንቀጹን ራሱን እናንብብ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጣቸው የሕግ ትርጉሞች የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድዱ እነሱንም እንይ፤ በቅጽ በቅጽ ታትመዋል። ለኳታር «አልሚዛን» የተባለው የመንግሥቱ የሕግ መድረክ ሕጎቹን በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ያስነብባል። አገሩ ሌላ ከሆነ ደግሞ የዓለም የሥራ ድርጅት «ናትሌክስ» በሚባል መዝገቡ የየአገሩን የሥራ ሕጎች ሰብስቧል። በቲክቶክ የሰማነውን ግን ከእነዚህ ሳናመሳክር ለማንም አንልክም።

ሦስተኛ፣ ዛሬም ይሠራል? የቀድሞው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377/1996 ለወለደች ሠራተኛ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጥ ነበር። አሁን የሚሠራው 1156/2011 ግን 120 ቀን ይሰጣል። አሮጌውን ያነበበች እናት 30 ቀን አጣች ማለት ነው። የክልላችን የገጠር መሬት አዋጅ 133/1998ም በ252/2009 ተተክቷል። ዓመተ ምሕረቱም እንዳያሳስታችሁ፦ በእንግሊዝኛ 1156/2019 ተብሎ ብታዩት ያው አዋጅ ነው። ቁጥሩ አይለወጥም፤ የሚለያየው የዘመን አቆጣጠሩ ነው።

ይህን ማወቅ ገንዘብ ያድናል። ደላላ ቤታችሁ መጥቶ «ለቪዛና ለአውሮፕላን ትኬት ክፈሉ» ቢላችሁ፣ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008ን አሳዩት። የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ጉዞን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን እንዲሁም የመድን ወጪን አሠሪው ይሸፍናል ይላል። ሠራተኛዋ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና ክትባት ያለውን ነው። ይህን አዋጅ 1246/2013 አሻሽሎታልና ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቡ።

በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ በአካባቢያችን ሲያልፍ ስልኩም መብራቱም እንደተቋረጠ አንረሳም። ስለዚህ አስፈላጊዎቹን አዋጆች አሳትመን በማኅበሩ ሣጥን እናስቀምጣለን፤ በእያንዳንዱ ላይ ከየት እንደወሰድነውና መቼ እንዳየነው እንጽፍበታለን። ደጋፊዎቻችን የምትልኩት ድጋፍ ለኢንተርኔት ጥቅልና ለወረቀትም እንደሚውል በዚሁ እወቁልን። ጉዳዩ ክርክር የሚነሳበት ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን ይዘን ወደ ሕግ ባለሙያ እንሄዳለን። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል።

የልጅቱን እናት ይቅርታ ስንጠይቃት የመለሰችልንን ነግረናችሁ እንጨርስ። «ያኔውኑ አናውቅም ብትሉኝ ሌላ ሰው እጠይቅ ነበር» አለችን። ከዚያ ወዲህ አንዲት አባል ስትጠይቀን ሦስቱን ጥያቄዎች ሳንመልስ መልስ አንሰጥም። ካልደረስንበትም «አላወቅንም፤ አብረን እንፈልግ» እንላለን።