ስንት ሰው ይበቃል?
(በማኅበራችን የውይይት ሰዓት የተደረገ ንግግር)



ለዛሬ የመረጥነው ርእስ፣ አንድ የዓይን ሕክምና ከሌላው መሻሉን ለማወቅ ስንት በሽተኛ ማየት ያስፈልጋል የሚል ነው። ነገሩ የሒሳብ ተማሪዎች ብቻ ጉዳይ ይመስላል። ዳሩ ግን በፈረስ ቤት ገጠር አንዲት እናት ሽፋሽፍቷን በወረንጦ እያስነቀለች ስትኖር ላየ ሰው ሒሳብ ብቻ ሆኖ አይታየውም።

እንደሚታወቀው ትራኮማ የዓይን ቆብን ከውስጥ ያቆስላል። ቍስሉ ሲሽር ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየፋቀ በመጨረሻ ያሳውራል። ቆቡን በቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ ማዞር ይቻላል፤ ነገር ግን ከብዙዎቹ ላይ ፀጉሩ ተመልሶ ይታጠፋል።

በ2006 ዓ.ም. በአማራ ክልል፣ በይበልጥም በምዕራብ ጎጃም፣ 1000 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ወገን የቆቡ ሙሉ ውፍረት፣ ለሁለተኛው የውስጡ ገጽ ብቻ ተቀደደ። በዓመቱ ሲታዩ በመጀመሪያው ከመቶ 22፣ በሁለተኛው ከመቶ 13 ተመልሶባቸው ተገኘ።

ይህን ልዩነት ለመያዝ ስንት ሰው ይበቃ ነበር? 0.22ን በ0.78፣ 0.13ን በ0.87 አባዝተን ብንደምር 0.2847 ይሆናል። ይህንንም በልዩነቱ ካሬ፣ ማለት በ0.0081፣ አካፍለን በ7.84 እናባዛለን፤ ለእያንዳንዱ ወገን 276 ሰው ይወጣል። 7.84 የተገኘው ከሁለት ውሳኔ ነው፤ በአጋጣሚ የመታለሉን ዕድል ከመቶ 5 ላይ ማቆምና እውነተኛውን ልዩነት ከመቶ 80 ጊዜ ማግኘት። ከመቶ 90 ጊዜ ማግኘት የሚሻ በ7.84 ፈንታ በ10.5 ያባዛል፤ ቍጥሩም ወደ 370 ይደርሳል።

ጭንቁ ግን እነዚህ 22ና 13 የሚታወቁት ጥናቱ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። አስቀድሞ የሚያሰላ ሰው የሚገምተው ልዩነት ሲጠብ ዋጋው እጅግ ይወጣል። ከመቶ 20 ወደ 10 ይወርዳል ብሎ የገመተ በየወገኑ 196 ሰው ይበቃዋል፤ ወደ 15 ብቻ ይወርዳል ያለ ግን 902 ያስፈልገዋል።

ግምት ሲሳሳት ምን እንደሚመጣ በ2000 ዓ.ም. በዚሁ ክልል የተጀመረው ጥናት ያሳያል። ጥቂት ፀጉር የታጠፈባቸው 1300 ሰዎች ግማሾቹ ተቀደዱ፤ ግማሾቹ ጥሩ ወረንጦ ተሰጥቷቸው ነቃዩም ሠለጠነላቸው። ነቀላው ከቀዶ ሕክምናው ከመቶ ከ10 በላይ ካልከፋ ይበቃል ተብሎ ድንበር ተበጀ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሳይሳካ የቀረው ከመቶ 13.2 እና 2.2 ሆነ። ልዩነቱ 11 ቢሆንም ከ8.1 እስከ 13.9 ሊደርስ ይችላል፤ ድንበሩ 10 በመካከሉ ስለ ዋለ ፍርድ ሳይሰጥ ቀረ። እኛ እንደሚመስለን እዚህ ላይ ጥፋቱ የሰው ማነስ አይደለም፤ እውነቱ ከድንበሩ አጠገብ ሲቆም ሌላ ሺህ ሰው ቢጨመርም ላይለይ ይችላል።

በዓይን ጥናት ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ሰው ሁለት ዓይን ስላለው 100 ሰው 200 ዓይን ነው ብለው የሚቈጥሩ አሉ። አንድ ፊት ላይ ያሉ፣ በአንድ ውሃ የሚታጠቡ፣ ብዙ ጊዜም አንድ ሐኪም የቀደዳቸው ዓይኖች ግን እንደ ሁለት ሰው ምስክር አይሆኑም።

መንደርም እንዲሁ ነው። በ1998 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ አዚትሮማይሲን ሲታደል ዕጣ የወጣው ለሰው ሳይሆን ለ72 ንኡሳን ቀበሌዎች ነበር፤ ተሕዋሲው ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋልና። ለምሳሌ ከ12 መንደር 50፣ 50 ልጆች ብንመረምር 600 ይሆናሉ። የአንድ መንደር ልጆች መመሳሰል 0.1 ቢሆን 49ን በ0.1 አባዝተን 1 እንጨምራለን፤ 5.9 ይመጣል። 600ው ለ5.9 ሲካፈል የ102 ልጆችን ያህል ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ በአንድ መንደር ልጅ ከማብዛት መንደር ማብዛት ይሻላል፤ ምንም እንኳ ለበቅሎውና ለመርማሪው አድካሚ ቢሆን።

ቍጥሩ አንሶ ጥናቱ ምንም ሳይለይ ቢቀር፣ ቆባቸው የተቀደደው ሰዎች ሕመሙን በከንቱ ተቀብለውታል። ያለ ልክ ቢበዛ ደግሞ የከፋው ሕክምና የሚደርስባቸው ይበዛሉ።

የመጨረሻው ስሌት የመንገድ ነው። በደጋ ዳሞት ዓመት ቆይቶ ሲጠራ፣ የሞተ፣ ለሥራ ቆላ የወረደ፣ ክረምት የዘጋበትም አለ። ከአሥሩ አንዱ ይቀራል ብንል 276ን ለ0.9 እናካፍላለን፤ ገና ከመጀመሪያው በየወገኑ 307 ሰው መመዝገብ ይኖርብናል።