ስልኩን ለጦጣ ብንሰጠውስ?

(በማኅበራችን የወልቂጤና የቡታጅራ አባላት የጋራ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍሉ የቀረበ ንግግር)

 

ባለፈው ስብሰባ «መዝገቡ ወደ ስልክ ይገባል ብላችሁ ነበር፣ ምን አዘገያችሁ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። እውነት ነው፣ ዘግይተናል። ያዘገየን ጦጣ ነው። አትሳቁ፣ እንነግራችኋለን።

ፕሮግራሙን የሠራልን ወጣት ስልክ ላይ ጭኖ ሲያሳየን ሁሉም ነገር ያምር ነበር። የአባል ስም፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ የቁጠባ መጠን፣ ከዚያ «መዝግብ» የሚል ቁልፍ። በትክክል ሞላን፣ በትክክል መዘገበልን። ቡና ልንጠጣ ስንቀመጥ ግን ከመካከላችን የአንዷ የሁለት ዓመት ልጅ ስልኩን አንሥታ በሁለት እጇ ትጠፈጥፈው ጀመር። ፕሮግራሙ ቀጥ አለ። መልሰን ስንከፍተው የአንዲት አባል 200 ብር ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ 600 ሆኖ አገኘነው። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ግን ያው 200 ነው።

ወጣቱ ደንገጥ ብሎ «እንዲህ አድርጎ ማን ይነካካዋል?» አለን። እኛ ማን እንደሚነካካው እናውቃለን። ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ «አልሄደም እንዴ?» እያልን ደጋግመን የምንጫነው እኛው ነን። በገበያ ቀን አንድ እጃችን ሚዛን ይዞ በሌላው የምንመዘግብ፣ መሐል ላይ ስልክ ሲደወል አቋርጠን የምናነሳ እኛው ነን። የልጅቱ እጅ ያደረገው የእኛን የአንድ ዓመት ስሕተት በአንድ ደቂቃ ማሳየት ነው።

ወጣቱ ይህንን ሥራ ለልጅ ሳይሆን ለማሽን መስጠት እንደሚቻል ነገረን፤ እኛም ጠየቅን፣ አነበብን። ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ስቲቭ ካፕስ የተባለ የአፕል ባለሙያ ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር «ጦጣ» የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። የማይታይ ጦጣ ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠ ያህል ማውሱን ወዲያ ወዲህ እያስኬደ፣ ያገኘውን ሁሉ እየተጫነ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ይፈትን ነበር። በ1988 ደግሞ ባርተን ሚለር የተባሉ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መምህር ከቤታቸው በስልክ መስመር እየሠሩ ሳለ ዝናቡ በመስመሩ ላይ ትርጉም የለሽ ፊደል ሲጨምርባቸው ፕሮግራሞቹ ሲወድቁ አዩ። ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው ሆን ብለው የተዘበራረቀ ፊደል ቢያጎርሷቸው ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆኑት ወደቁ። ዛሬ አብዛኞቻችን በምንይዘው የአንድሮይድ ስልክ ላይም «መንኪ» የሚባል መፈተኛ አለ፤ ትርጉሙ ያው ጦጣ ነው። ስንት ጊዜ እንደሚነካ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚነካ ከኮምፒውተር ይታዘዛል።

ለእኛ ለሒሳብ ሠራተኞች የጣመን ግን አንድ ነገር ነው። ጦጣዋ እንዳሻት የምትነካካ ትመስላለች እንጂ መነሻ ቁጥር ይሰጣታል። ያንኑ ቁጥር መልሰን ብንሰጣት ያንኑ ንክኪ በዚያው ቅደም ተከተል ትደግመዋለች። ልክ ደረሰኝ ይዞ ወደኋላ መመርመር ማለት ነው። «ትናንት ተበላሽቶ ነበር፣ ዛሬ ደህና ሆነ» የሚል ወሬ የለም።

አንድ አሮጌ ስልክ ሲም ካርዱን አውጥተን፣ የውሸት ስምና የውሸት ገንዘብ ሞልተን ለጦጣዋ ሰጠናት። (እውነተኛ ገንዘብ ባለበት ስልክ ይህን የሚሞክር ካለ እኛ የለንበትም።) ከቀኑ ሳጥን ላይ ጳጉሜን 23ን መርጣ ፕሮግራሙን ጣለችው። ወጣቱ ለአሥራ ሦስቱም ወር 30 ቀን ሰጥቶ ኖሯል! ሲያስተካክል ደግሞ 5 ቀን ብቻ አደረጋት፤ በ2015 ዓ.ም. 6 እንደነበረች፣ በ2019ም 6 እንደምትሆን ያስታወስነው እኛ ነን። ጳጉሜን ለኛ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ። ለመስቀል ሥጋው፣ ቅቤው፣ ከአዲስ አበባ ለሚገባው ዘመድ መስተንግዶው ስለሚታሰብ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀምነው የሚጠየቀው ያን ሰሞን ነው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብን። ጦጣዋ የምታውቀው ፕሮግራሙ ሲወድቅ ብቻ ነው። ሳይወድቅ በጸጥታ ቢሳሳት አይገባትም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። ሲስተሙ መሥራቱን ቀጥሎ፣ ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ወሰዱ፤ ባንኩ በኋላ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወጣ አስታውቋል። ያን ያህል ባንክ መልሶ የማስከፈል አቅም አለው። እኛ ግን የአንዷ 400 ብር ሲዛባ በቀጥታ የሌላዋ ድርሻ ነው የሚነካው፤ ከገንዘቡም በላይ መተማመናችን ነው። እናቶቻችን በዊጆ ቅቤ ሲያጠራቅሙ ሁሉም በዓይናቸው ፊት ነበር፤ በስልክ ውስጥ ያለውን ማን ያያል?

ስለዚህ ጦጣዋ በጨረሰች ቁጥር ሚዛን እንሠራለን። የአባላት ቁጠባ ድምር ከሣጥኑና ከባንክ ደብተሩ ጋር ካልገጠመ፣ ፕሮግራሙ ባይወድቅም ወድቋል እንላለን። በዚህ መንገድ ያገኘነውን የድርብ ምዝገባ ወጣቱ አስተካክሎታል፤ አሁን አንድ የደረሰኝ ቁጥር አንዴ ብቻ ነው የሚገባው።

ጦጣዋ ያልደረሰችበት ደግሞ አለ። «ፀሐይ» በጸሎቱ ጸ ስትጻፍ ለፕሮግራሙ ሌላ ሴት ናት። «ዓለም»ና «አለም»ም እንደዚያው። አንዲት እናታችን ሁለት ሒሳብ ይዛ የተገኘችው በዚህ ነው፤ ይህን የያዘችው ከቡታጅራ የመጣች ጸሐፊያችን በዓይኗ ነው። ገና አልተስተካከለም።

እስኪስተካከል ደብተሩ አይዘጋም፤ እስከ መስቀል በሁለቱም እንመዘግባለን። በመጪው ቅዳሜ ስማችሁ በመታወቂያችሁ ላይ እንዴት እንደተጻፈ አይተን እንድናስተካክል መታወቂያችሁን ይዛችሁ ኑ። አሮጌ ስልክ ያላችሁም አምጡልን፤ ትንንሽ ልጆች ያላችሁ ደግሞ ልጆቹንም።