ጎህ ሳይቀድ የሚጻፍ ልቦለድ

ሴት አቅራቢ፦ አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን ሁለት ወንዶች ልጆቿን ለብቻዋ እያሳደገች፣ ቀን ቀን ራንደም ሃውስ በተባለው አሳታሚ ድርጅት በአርታዒነት ትሠራ ነበር። ታዲያ መቼ ጻፈች?

ወንድ አቅራቢ፦ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ቡናዋን አፍልታ፣ ልጆቹ ሳይነቁ! የመጀመሪያ ልቦለዷ በ1970 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ በ1993 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች።

ሴት አቅራቢ፦ ሰዓቱስ ተገኘ፤ ቦታውስ? እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ በ1929 ባሳተመችው ድርሰት፣ ልቦለድ ለምትጽፍ ሴት ገንዘብና የራሷ ክፍል ያስፈልጋታል ብላ ተከራክራለች።

ወንድ አቅራቢ፦ የልጆች መጻሕፍት ደራሲው ሮአልድ ዳል ደግሞ እንግሊዝ አገር በግቢው ውስጥ ትንሽ ጎጆ አሠርቶ፣ ሰሌዳ ጭኑ ላይ አስደግፎ በእርሳስ ይጽፍ ነበር።

ሴት አቅራቢ፦ ጎጆውን ማን ይሠራልናል?

ወንድ አቅራቢ፦ እሱስ ልክ ነሽ። አንድ ክፍል ቤት ለሚጋራ ጸሐፊ የሞሪሰን መንገድ ይቀላል፤ ስልክ አጥፍቶ፣ ቤተሰብ ሳይነሳ መቀመጥ። አድማጮቻችን፣ ቤታችሁ የሚጽፍ ሰው ካለ ያቺን አንድ ሰዓት አትንኩበት።