ከደጃፍ እስከ ደብር፤ የጎንደር እይታና የመሐንዲስ ኃላፊነት



ስለ ጎንደር ሲነገር ዘወትር የሚነሣው የግንቦቹ ውበት ነው። እኔ ግን ዛሬ ላነሣ የወደድሁት ግንቦቹና አድባራቱ ከየት ሆኖ እንደሚታዩና ያንን እይታ የመጠበቁ ኃላፊነት የማን እንደ ሆነ ነው።

ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 የቈረቈሯት ይህች ከተማ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል በሚገኝ ሸንተረር ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተሠርታለች። በስተሰሜን ከጎሃ ኮረብታ ላይ ቆሞ ቍልቍል ለሚመለከት ሰው ግንቦቹ፣ አድባራቱና ሠፈሮቹ ባንድነት ይታዩታል። እቴጌ ምንትዋብ ግቢያቸውን ከሠሩበት ከቁስቋም ሲመለከቷት ደግሞ ከተማዋ ሌላ መልክ ትይዛለች። ሰማዩ በጠራ ቀን ከፋሲል ግንብ ሰገነት ላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው፣ ከከተማዋ ከ300 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የተኛውን የጣና ሐይቅን እስከማየት ይደርሳል።

ይህን ሁሉ ሳውቅ ያጠፋሁትን ጥፋት ልናገር። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት በዚያው ከተማ ለአንድ ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ስሌት ሠራሁ። መሠረቱ የጸና፣ ብረቱ የተመጠነ፣ ፈቃዱም የተሟላ ነበር። ሥራው ሲያልቅ በጎረቤት የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት እናት ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከደጄ ሆኜ ነበር የምሳለመው። ጕልበቴ ከደከመ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኔ ይኸው ደጃፌ ነበር። እንግዲህ ያንተን ግድግዳ ልሳለም?» አሉኝ። መልስ አላገኘሁም። በፕላኔ ላይ የውሃው፣ የመብራቱና የመንገዱ መስመር ሁሉ ተሥሎ ነበር፤ የእርሳቸው የዐይን መስመር ግን አልነበረም።

ነገሩን አስቀድሞ ማወቅ ግን አስቸጋሪ አልነበረም። ለምሳሌ ያህል፣ የተመልካቹ ዐይን ከግንቡ እግር 60 ሜትር ከፍ ያለ ቢሆን፣ የእይታው መስመር በርቀቱ እኩሌታ ላይ በ30 ሜትር ከፍታ ያልፋል። በዚያ ቦታ መሬቱ ራሱ ከግንቡ እግር 18 ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ፣ ለሕንፃ የሚተርፈው 12 ሜትር ብቻ ነው። ከዚህ ካለፈ የግንቡ እግር ይጋረዳል። ይህን ለማስላት የከፍታ መስመር ያለበት ካርታና አንድ ሦስት ማዕዘን ይበቃል።

ሌሎች ከተሞችም ይህንኑ ሥርዐት አድርገውታል። ሎንዶን የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል እይታ በሕንፃ ከፍታ ገደብ መጠበቅ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከሪችመንድ ፓርክ የሚነሣው የእይታ መስመር እንኳ በከተማዋ የፕላን መመሪያ የተጠበቀ ነው። የእኛው ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሆኖም ቅርሱን በአጥር ብቻ መጠበቅ፣ መጽሐፍን ከሣጥን ቈልፎ እንደ ማስቀመጥ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የከተማዋ አሻግሮ ማያ ሥፍራዎች ይመዝገቡ፤ እንግዳ የሚጐበኛቸው ብቻ ሳይሆኑ ነዋሪው የሚሳለምባቸው ደጃፎችና መታጠፊያዎችም ጭምር። ሁለተኛ፣ የእይታ መስመሮቹ ልክ እንደ መንገድ ወሰን በፕላን ላይ ይሠመሩ። ሦስተኛ፣ የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቅ ሁሉ ሕንፃው በመስመሩ ላይ የሚያርፍበትን ቍመት በሥዕል ያሳይ።

የቤት ችግር እንዳለብን አልዘነጋሁም፤ አትሥሩም አላልሁም። ተዳፋት መሬት ለብልህ መሐንዲስ ረዳት ነው፤ ፎቁን ከቍልቍለቱ ጋር በደረጃ ዝቅ እያደረጉ ብዙ ክፍል ማግኘት፣ የጎረቤትንም ዐይን አለመጋረድ ይቻላል።

እኒያ እናት የጠየቁኝ ጥያቄ ዛሬም መልስ ይሻል። እኔ የሠራሁት ግድግዳ አይፈርስም። ነገ የምንሠራው ግን ገና ወረቀት ላይ ነውና፣ እርሳሱን ከማንሣታችን በፊት ከባለቤቱ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከጎረቤቱም ደጃፍ ቆመን እንመልከት።